አባቴ ቅርፊት የሳለለት ዓሣ

በቅርቡ ጤና ጣቢያ ገብቼ ነርሷ ክንዴን በአልኮል ስትጠርገው፣ ሽታው ኔቬ ዮሴፍ ሰፈር ወዳለው የድሮ ቤታችን ይዞኝ ሄደ። አባቴ ከባሕር በተመለሰ ቁጥር ልብሱም እጁም እንዲህ ይሸት ነበር። ጎንደር እያለ ድሬሰር ነበር፤ ወደዚህ አገር ከመጣም በኋላ በዕብራይስጥ ተምሮና ተፈትኖ ባሕር በሚያጠና መርከብ ላይ ሖቬሽ፣ ማለትም የመጀመሪያ ሕክምና ሰጪ፣ ሆኖ ተቀጠረ፣ የመርከቧ ሐኪም ማለት እሱ ብቻ ነበር። የተሰነጠቀ እጅ ይሰፋል፣ ባሕሩ ያዞረውን ያስተኛል፣ ከዚያ የሚተርፈውን ጊዜ ደግሞ ሥዕል ይስልበት ነበር።

ዓሣ ከውኃ ሲወጣ ቀለሙ ቶሎ ስለሚጠፋ፣ አባቴ መረቡ እንደተፈታ ባልዲው አጠገብ ተንበርክኮ መጀመሪያ ቀለሙን ብቻ ወረቀት ላይ ያሰፍር ነበር፤ ጥርሱንና ክንፉን አልኮል ውስጥ ከተቀመጠው ላይ እያየ በኋላ ይጨርሳል። የተመራማሪዎቹ አለቃ የሆነችው ፕሮፌሰር፣ ካሜራው የልጋጉን ብልጭታ እንጂ ዓሣውን አያሳየኝም እያለች የእሱን ሥዕል ትመርጥ ነበር። ሥዕል ያስተማረው ሰው አልነበረም፤ የሚኮራውም ያላየውን ባለመሳሉ ብቻ ነበር።

በክረምት ባሕሩ ሲናወጥ መርከቧ ብዙም ስለማትወጣ፣ ሥዕሎቹን የምንበላበት ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ይጨርሳቸው ነበር። ዘጠኝ ዓመት በሞላኝ ክረምት የአባቴ አባት ቲራት ካርሜል ያለውን ቤታቸውን ትተው እኛ ጋር ሊኖሩ መጡ። አያቴ የአገር ቤቱን የንጽሕና ሥርዓት አንዳች ሳያጓድሉ የያዙ ሰው ነበሩ፤ ክንፍና ቅርፊት የሌለውን ዓሣ እንደ ርኩስ ይቆጥሩታል፤ የሞተ እንስሳ የነካ ሰው እንኳ ታጥቦ ፀሐይ እስክትጠልቅ ካልቆየ አጠገባቸው አይቀመጥም። አንድ ጠዋት ጠረጴዛው ላይ ሞሬና የሚባለውን ረጅም ዓሣ ሥዕል አዩት።

«ምንድን ነው ይኼ?»

«ዓሣ ነው፣ አባባ።»

«ክንፉ የታለ? ቅርፊቱስ? እባብ እኮ ነው! ልጆችህ በሚበሉበት ላይ እባብ ታጋድማለህ?»

«ሥዕል ነው እኮ።»

«ሥዕልስ ቢሆን፣ ሳትነካው ነው የሳልኸው?»

ሰሃናቸውን አንሥተው ወደ መኝታቸው ሄዱ፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ ሰሃኑን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ለብቻቸው ይበሉ ነበር። አክስቴ ልትጠይቀን ስትመጣ ይህንን አየችና «አይ ያንተ ነገር! የገዛ አባትህን እንደ በሽተኛ ለይተህ ታበላለህ?» አለችው። አባቴ አንገቱን ደፋ። እኛም እንግዳ በመጣ ቁጥር የአያቴን ክፍል በር ቀድመን እንዘጋ ነበር።

ዝናቡ አብቅቶ ለፋሲካ ቤቱ ሲጸዳ፣ አባቴ ያንን ሥዕል በረንዳ ላይ አውጥቶ በቀጭኑ ብሩሽ ቅርፊት ይደረድርበት ጀመር፣ ከጎኑም ክንፍ አበጀለት።

«አባዬ፣ ሞሬና ቅርፊት አለው እንዴ?»

«የለውም።»

«ታዲያስ?»

«ይኼ ለአባባ ነው። ለመርከቧ ሌላ እስላለሁ» አለኝ፣ ቀና ብሎ ሳያየኝ።

አያቴ ሥዕሉን ወደ መስኮቱ ይዘው ሄደው አገላብጠው አዩት። «እንዲህ ነው እንጂ! ይኼማ ይበላል» ብለው ሳቁ፣ ከጠረጴዛው በላይ እንዲሰቀልም አዘዙ። በዚያው ቀን አብረውን በሉ።

በበጋ መርከቧ ረጅም ጉዞ ላይ ሳለች፣ ፕሮፌሰሯ ለምታዘጋጀው ኤግዚቢሽን ሥዕሎቹን የሚሰበስብ ወጣት ቤታችን መጣ። እኔ ቃይታና ላይ፣ ልጆች የትምህርት ቤት እረፍት በሚውሉበት ቦታ ነበርሁ። እናቴ ከአልጋ ሥር ያለውን ጥቅል ስትሰጠው፣ አያቴ «ቆይ፣ ትልቁን ረሳችሁት!» ብለው በገዛ እጃቸው ከግድግዳው አውርደው ሰጡት። ያ ሥዕል ለአያቴ ብቻ የተሠራ መሆኑን እናቴ አታውቅም ነበር።

የመስከረም በዓላት ካለፉ በኋላ አባቴ ከወደብ በቀጥታ ኤግዚቢሽኑ ወደተከፈተበት አዳራሽ መጣ፣ አያቴም ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ከእኛ ጋር ሄዱ። ሞሬናው መካከል ላይ፣ ከሁሉም ጎልቶ ተሰቅሎ ነበር። አባቴ ሲያየው በሩ ላይ ቆመ። ከፕሮፌሰሯ እንግዶች አንዱ ሥዕሉን እያመለከተ በዕብራይስጥ «ይኼን ምስኪን ማን ነው ለሠርግ ያለበሰው?» አለና በዙሪያው ያሉት ሁሉ ሳቁ። ፕሮፌሰሯ ግን አልሳቀችም።

«አንተ ያየኸው እንዲህ ነው?» ብላ አባቴን ጠየቀችው።

አያቴ የአባቴን እጅጌ ሳብ አድርገው «ምን አሉ?» ይላሉ። እኔ ልናገር አፌን ስከፍት አባቴ ትከሻዬን ጨበጠው።

«ተሳስቻለሁ» አላት።

«ሌሎቹስ?»

«ሌሎቹ ትክክል ናቸው» አለ፣ ግን ድምፁ እንደ ውሸታም ድምፅ ቀጥኖ ነበር። ከዚያ ወደ አያቴ ዘወር ብሎ በአማርኛ «ቀለሙን ወደዱት፣ አባባ» አላቸው። እኔ ፊቴ እንደ እሳት እየነደደ፣ የእሱ ልጅ መሆኔን ሰው እንዳያውቅብኝ እየተመኘሁ ወለሉን አይ ነበር።

ቤት ስንገባ፣ ነገሩን ከእኔ የሰማችው እናቴ «ለምን እውነቱን አልነገርካቸውም?» አለችው።

«አባባ አጠገቤ ቆመው? የእሳቸውን ሥርዓት መሳቂያ ላድርገው?»

በቀጣዩ ጉዞ አንዲት ፎቶ አንሺ ተቀጠረች፣ አባቴም ቁስል ብቻ የሚያክም ሖቬሽ ሆኖ ቀረ።

አያቴ ማንም አልነገራቸውም፣ ዕብራይስጥም አያውቁም፤ ግን የሳቁትን ሰዎች ፊትና የልጃቸውን ፊት አይተዋል። ክረምቱ ሲመለስ አንድ ቀን ሰሃናቸውን አንሥተው «ወረቀትህን አምጣና የፈለግኸውን ሳል፤ እኔ እዚያ እበላለሁ» ብለው ወደ አልጋቸው ሄዱ። አባቴ «ደክሞኛል፣ አባባ» አላቸው። በዚያ ክረምት ጠረጴዛው ባዶውን ይውል ነበር፤ እሳቸው ለእሱ ብለው አይቀርቡበትም፣ እሱም ብሩሽ አላነሣም።

ዛሬ ክርያት ያም በምትባል ከተማ ብቻዬን እኖራለሁ፣ ከፋብሪካው ስመለስም እንደ አባቴ ማንም ሳያስተምረኝ ዓሣ እስላለሁ። አንዲት ነጥብ ካጠራጠረችኝ ወረቀቱን ቀድጄ እንደገና እጀምራለሁ፤ እስከ ዛሬ ስሕተት ያገኘብኝ ሰው የለም። ግን የምስለውን አይቶ ፊቱን የሚያዞርብኝ ሰው ቤቴ ውስጥ የለም፤ ለማንም ብዬ መሳሳት አያስፈልገኝም። ያን ጊዜ በአባቴ አፍሬ ነበር፤ አሁን የማፍረው ትክክለኛ መሆን እንዲህ ቀላል ሆኖ ሳገኘው ነው።