የጂንስ ቃሬዛ

የመጀመሪያውን ጆንያ አፉን ስፈታው ሽታው ገፍትሮ ወደ ኋላ መለሰኝ። እኔ ወሰን፣ ጋራዦች መሃል ተቀምጬ ከአርባ ዓመት በላይ ልብስ የሰፋሁ ሰው ነኝ። የግሪስ ሽታ፣ የጎማ ጭስ፣ ዝናብ የመታው የሹፌር ካፖርት ለእኔ ብርቅ አይደሉም። ይሄ ግን ሌላ ነበር። የሰው ገላ ሽታ ነው፤ ያውም ልብሱን አውልቆ አንድ ጥግ ወርውሮ የረሳው ሰው ገላ።

እጄን ሰደድኩ። መጀመሪያ የወጣው የወንድ የውስጥ ሱሪ ነው። ምን እንደነበረበት አልናገርም፤ ዕድሜዬም አይፈቅድልኝም። ቀጥሎ ደርቆ የቆመ አንድ ካልሲ ወጣ፣ ጓደኛው የለም። ቀጥሎ የሴት ባለተረከዝ ጫማ፣ እሱም አንድ እግር። ከአንድ የቢሮ ኮት ኪስ ውስጥ ደግሞ ግማሽ ሳምቡሳ አወጣሁ፣ ጢም አብቅሎ። ኮቱን ጥዬ ደጅ ወጥቼ ተፋሁ። የዙሁር ሶላት እየደረሰ ነበር። በዚህ እጅ እንዴት ነው የምሰግደው ብዬ ጋራዡ ቧንቧ ሥር ቁጢጥ አልኩና እስከ ክርኔ ፈተግኩት። ሰገድኩም፤ ግን ግንባሬን መሬት ባስነካሁ ቁጥር ያ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ነበር።

አሥራ ሁለት ጆንያ ነው። ሁሉም ለተራራ ሰዎች የተሰጠ ስጦታ ነው።

እንዴት እኔ ሱቅ እንደደረሰ ልናገር። ሰፈራችን ውስጥ የቢሮ ሠራተኛውም፣ ነጋዴውም፣ ተማሪውም የገባበት፣ ሙስሊሙና ጴንጤው የተቀላቀለበት አንድ የበጎ ፈቃድ ቡድን አለ። አስተባባሪው አርባዎቹ ውስጥ ያለ፣ አነጋገሩ ያማረ፣ ሸሚዙ የማይጨማደድ ሰው ነው። አንድ ቀን ሱቄ መጥቶ «አባባ፣ ከእንጦጦ ጀርባ ያሉ ወገኖቻችንን ልንጎበኝ ነው። ሽማግሌ ያስፈልገናል፤ ኦሮምኛም ይችላሉ» አለኝ። ደስ አለኝ። አራተኛ ክፍል ያልጨረስኩ ሰው ለአንድ ነገር ሲፈለግ ደስ ይለዋል፣ ምን ይደረግ።

መኪናው የቻለውን ያህል ወጥቶ ቆመ። ከዚያ በእግር ሁለት ሰዓት ነው፤ ለእኔ ሦስት። ባህር ዛፉ ካለቀ በኋላ አንድ ገደል አለ፤ መንገዱ በገደሉ ጎን እንደ ሪባን ቀጭን ሆኖ ያልፋል። ከገደሉ ወዲያ ገብስ የሚዘሩ፣ በግ የሚያረቡ ሰዎች አሉ፤ አያት ቅድመ አያታቸው እዚያው ናቸው። ከጫፉ ላይ ቆሞ ላየ ከተማው እግሩ ሥር ነው፣ ጣሪያው ሁሉ ይብለጨለጫል። ሐኪም ቤት ለመድረስ ግን ግማሽ ቀን ይፈጃል።

የተቀበሉን በእኔ ዕድሜ ያሉ ሽማግሌ ናቸው። አንድ በአንድ ጨበጡን። ከእኛ ጋር የነበረች ወጣት እጇን እንደለቀቁላት ከቦርሳዋ ትንሽ ጠርሙስ አውጥታ፣ እዚያው ፊታቸው መዳፏን አሸችው። ሽማግሌው ገርሟቸው አዩዋት።

«መድኃኒት ነው?» አሉ፤ አስተረጎምኩላት።

«አዎ አባባ» አለች፣ ትንሽ ደንግጣ።

እሳቸውም መዳፋቸውን ዘረጉ። ጠብ አደረገችላቸው። አሹትና አሸተቱት። «አረቄ አረቄ ይላል። ለዚህስ ጠጥቶ መገላገል ነበር» አሉና ሳቁ። እኔ አፍሬ መሬት መሬት አየሁ።

ቤት አስገቡን። ከብቶቹ ከመጋረጃው ወዲያ ናቸው፤ ሙቀታቸው ይመጣል፣ ሽታቸውም ይመጣል። የከብት ቤት ምን ሊሸት ኖሯል? አስተባባሪው ስካርፉን እስከ አፍንጫው ሳበ። እርጎ ቀረበ፣ ወፍራም፣ ዕቃው በወይራ የታጠነ። አንዱ «ጨጓራዬን ያመኛል» አለ። አንዷ «ጾም ላይ ነኝ» አለች፤ ጴንጤ መሆኗን የማላውቅ መስሏት። አንዱ ደግሞ ሰው የማያይበትን ጊዜ ጠብቆ የእሱን የእኔ ዋንጫ ውስጥ ገለበጠው። የሌሎቹም ወደ እኔ ስለዞረ፣ ከራሴ ሌላ የሦስት ሰው ድርሻ ጠጣሁ። ሆዴ እንደ ከበሮ ተወጥሮ እየሳቅኩ አመሰገንኩ። ወደ ውስጥ ግን አስጠልቶኝ ነበር፤ እርጎው አይደለም።

አስተባባሪው «ምን እናግዛችሁ?» አለ፤ እኔ አስተረጎምኩ። ሽማግሌው ምራታቸውን ጠሯት። ቀጭን፣ ረጅም ልጅ ናት፤ ሆዷ ገፍቷል። እጇን መሶቡ ላይ አድርጋ ቆማ ተናገረች። ያለፈው ክረምት ምጥ ሲይዛት ብርድ ልብስ በሁለት እንጨት ላይ ቋጥረው ተሸክመዋት ሲወርዱ፣ ገደሉ ላይ ብርድ ልብሱ ተቀደደ። ወደቀች። እሷ ተረፈች፣ ልጁ አልተረፈም።

«ጨርቁ ጠርር ሲል የሰማሁት ድምፅ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም» አለች። «አሁን ደግሞ ሦስት ወር ቀርቶኛል።»

ሽማግሌው «ልብስም፣ እህልም አንፈልግም። የማይቀደድ ቃሬዛ ብታመጡልን» አሉ።

እኔ አስተርጓሚ መሆኔን ረስቼ «እኔ እሰፋዋለሁ» አልኩ። በወጣትነቴ የጭነት መኪና ሸራ እሰፋ ነበር፤ ከባድ ነገር አይደለም። ልጅቷ አየችኝ። ቃል ሰጠሁ ማለት ነው።

በሳምንቱ ስብሰባ ተደረገ። አስተባባሪው ስለ ቃሬዛው አንድ ጊዜ አነሳና «ቃሬዛ ሲባል ሰው የሚታየው ሬሳ ነው፤ ለሰጪ አይስብም። ልብስ ግን ሁሉም ቤት አለ» አለ። ተጨበጨበ። እኔም እዚያው ተቀምጬ ነበር። እጄን አላወጣሁም፤ የተማሩ ሰዎች ሲናገሩ አፌ ይታሰራል። ከሁሉ የሚያስጠላኝ ይሄ ነው። «አባባ ደግሞ የተቀዳደደውን ይጠግኑልናል» ተባለ። እኔም አንገቴን ነቀነቅኩ።

ጆንያዎቹ እንዲህ መጡ። ያን ሳምቡሳ ባወጣሁ ቀን አስተባባሪውን አስጠራሁት። ደጃፌ ላይ ቆመ፤ ወደ ውስጥ አልገባም።

«ልጄ፣ ይሄ ለሰው አይሰጥም» አልኩት።

«አባባ፣ ለእነሱ እኮ ይሄም ብርቅ ነው።»

«ቢያንስ ይታጠብ።»

«ማን ያጥባል? እዚያ ወንዝ አለ አይደል?»

ይሄን ሲል ቁጣ እንኳ የለበትም፤ ሳቅ ብሎ ትከሻዬን ነካ ነካ አድርጎኝ ሄደ። እጁ ያረፈበትን ትከሻዬን አራገፍኩት። እኔ ሰው ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን ምራቄ መረረኝ።

ባለቤቴ አንዱን ጆንያ ግቢ ውስጥ ስታየው መጥረጊያ ይዛ ወጣች። «ይሄን ነጃሳ ቤቴ ልታስገባ ነው?»

«ለተራራ ሰዎች ነው።»

«ተራራ ላይ ያለ ሰው አፍንጫ የለውም ያለህ ማነው?» አለች። አገላበጠችው። «ይሄን የሰጠችው ሴትዮ እኮ ጁምዓ ጁምዓ ሽቶ ተነክራ ነው የምታልፈው። አውቀዋለሁ ቀሚሱን!»

ስትሳደብ ዋለች፤ እየተሳደበች ግን ውኃ ጣደች። በበረኪናና በሳሙና አንድ ሳምንት ቀቀልን። የሁለታችንም እጅ ተላጠ። ከአሥራ ሁለቱ ጆንያ ሰው ፊት የሚቀርብ ሦስት ቢወጣ ነው። ጂንስ ግን በሽ ነበር፤ ጉልበቱ የተቀደደ፣ ዚፑ የሞተ፣ ወገቡ ያልበቃ። አጥቤ ሽቦ ላይ አስጥቼ ሳየው ሐሳቡ መጣልኝ። ሸራ የሚገዛልኝ የለም። ጂንስ ደግሞ ድሮም የጉልበት ሠራተኛ ጨርቅ ነው።

እግሮቹን በስፌታቸው ፈታሁ። ደህና ደህናውን ክፍል ቆረጥኩ፣ ድርብ አድርጌ አነባበርኩ፣ የመኪና ወንበር ልብስ በምሰፋበት በወፍራሙ የስፌት መኪና፣ በሸራ ክር፣ እያንዳንዱን መስመር ሦስት ጊዜ ሄድኩበት። ዓይኔ ደክሟል፤ ክሩን የማየው ከዓይኔ ይልቅ በጣቴ ነው። በሁለቱ ጎን እንጨት የሚገባበት ሰፊ ቱቦ ሠራሁ። ለማንገቻው ጎረቤቴ መካኒኩ ከተገጨ መኪና የፈታውን የወንበር ቀበቶ አመጣልኝ።

«ፍሬን እምቢ ያለውን ሹፌር የያዘ ቀበቶ ነው ጋሼ። አንዲት ነፍሰ ጡር አታቅተውም።»

«ሹፌሩ ተረፈ?»

«ቀበቶውን ለማን እንደሰጠሁ ጠይቆኛል እኮ!»

የሽማግሌው ምራት ወሯ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ወደ ተራራው ወጣን። እኔና ባለቤቴ ያጠብነው ሦስት ጆንያ ብቻ ይሂድ ብዬ ለመንኩ። አልሆነም። ጆንያው ካነሰ ለሰጪዎች አይታይም ተባለና፣ ተስፋ ቆርጠን ሳናጥበው የተውነውም አብሮ በአህያ ተጫነ።

መንደሩን አሰለፉት። ሰዉን ከልብሱ በላይ ልብስ አለበሱት፣ በስልክ ቀረጹት። «ፈገግ በሉ! እጃችሁን አውለብልቡ!» ሽማግሌው ያን የሳምቡሳ ኮት ነበር የደረሳቸው፤ ቀቅዬው ስለነበር አላህን አመሰገንኩ። አንዲት አሮጊት ያቺን ባለተረከዝ ጫማ ከፍ አድርገው አነሱ።

«ይቺ የማን ናት? የአንድ እግር ሰው ናት? ወይስ ሌላኛዋ ለከርሞ ትመጣለች?»

መንደሩ በሳቅ ፈረሰ። ከእኛ ሰዎች የገባው የለም፤ እኔም አላስተረጎምኩም።

ከዚያ ቃሬዛዬን ዘረጋሁ። ሽማግሌው ሁለት ቀጥ ያለ የባህር ዛፍ እንጨት አስገቡበት። ልጅቷ መጥታ ተንበርክካ ስፌቱን በጣቷ ተከተለችው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ። አስተባባሪው ሲያየው ዓይኑ በራ። «ይሄማ ምርጥ ነው! ነፍሰ ጡሯ ትተኛበትና ትቀረጽ።»

ነገርኳት። ወደ ኋላ ሸሸች። «ጤነኛ ሰው ቃሬዛ ላይ አይተኛም» አለች። ሴቶቹ አጉረመረሙ። በእነሱ ዘንድ ሳይታመሙ ቃሬዛ ላይ መተኛት ሕመምን መጥራት ነው፤ ለወላድ ደግሞ ይባስ።

«ሁለት ደቂቃ ብቻ በሏት አባባ።»

«አትፈልግም።»

«ለእሷ እኮ ነው የተደከመው! ኧረ ያሳምኗት!»

ክንዷን ሊይዝ እጁን ሲዘረጋ አየሁ። ያኔ ነጠላ ጫማዬን አወለቅኩና ራሴ ቃሬዛው ላይ ተጋደምኩ።

«እኔን ቅረጹ» አልኩ። «ለእኔ እንደሁ ሕመሙን መጥራት አያስፈልግም፣ መንገዱን ያውቀዋል።»

ሰዉ ሁሉ ሳቀ፤ ሽማግሌው ጮክ ብለው «ተነሳ አንተ ሽማግሌ!» አሉ። አልተነሳሁም። «ገደሉ ድረስ ወስዳችሁ መልሱኝ። ይችል አይችል እንይ።» አራት ወንዶች አነሱኝ። አስተባባሪው ስልኩን ዝቅ አድርጎ ለአጠገቡ ሰው «እሳቸውን ማን ያያል አሁን?» ሲል ሰማሁ።

ገደሉ ላይ አንዱ ተሸካሚ ተንሸራተተና በአንድ ጎን ዘመም አልኩ። ሰማይ ብቻ ነው የሚታየኝ። ጆሮዬን ጣልኩ፤ ክር ሲበጠስ ቀድሞ እንደሚናገር አውቃለሁ። አልተናገረም። ልጅቷ አጠገቤ እየሄደች ነበር፣ እጇ ከወገቤ ሥር ያለው ስፌት ላይ። እሷም እያዳመጠች ነበር።

ከወር በኋላ ያን ቪዲዮ የልጄ ሚስት አሳየችኝ። የሚያስለቅስ ዜማ ተደርጎበታል። እርጎ ያቀረቡልን፣ ልብስ አንፈልግም ያሉን ሽማግሌ በሰው ኮት ቆመው ሲያውለበልቡ ይታያሉ፤ ከሥራቸው «የሚያዩት ሁሉ አዲስ የሆነባቸው» ተብሎ ተጽፏል። ስልኩን መለስኩላት። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። ከቡድኑም በዚያው ቀረሁ፤ መልቀቂያ ልጻፍ እንዳልል መጻፉ ራሱ ይከብደኛል።

ከዚያ አንድ ረፋድ ላይ የልጅቷ ባል ሱቄ ደጃፍ ቆመ። የተጠቀለለ ነገር በፌስታል ይዟል። ልቤ ደንግጦ መርፌው ጣቴን ወጋኝ።

«ሴት ልጅ ናት» አለ፣ ሳልጠይቀው። «ገደሉን ካለፍን በኋላ፣ የመኪናው መንገድ ሲታየን እዚያው ቃሬዛው ላይ ወለደች። ሐኪም ቤትም ደረስን። ሁለቱም ደህና ናቸው አባቴ።»

«ገደሉ ላይስ?»

«ገደሉ ላይ ‹ድምፅ አለው?› እያለች ትጠይቀን ነበር። የለውም እንላታለን። ስንሻገር ራሷ ‹የለውም› አለች።»

ፌስታሉን ሊሰጠኝ ብሎ መለሰው፤ አፍሯል። «ቃሬዛውን ሦስቴ ወንዝ ወርደን አጠብነው። ደሙ አልለቅ አለ። እንዲህ ሆኖ ወደ እርስዎ መምጣት አልነበረበትም። ግን አንዷ ማንገቻ ላልታለች፣ ሌላ ወሯ የገባ ሴት ደግሞ አለች።»

ተቀብዬ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋሁት። መሃሉ ላይ ደሙ ደርቆ ቡናማ ሆኗል፤ ከአንድ ሱሪ እስከ ሌላው ሱሪ ተሻግሯል። ባለቤቴ ሻይ ልታመጣልኝ ገብታ አየችው። ውኃ ልትጥድ ተመለሰች።

የላላችውን ማንገቻ እየፈታሁ ሳለ አንድ ጎልማሳ ሱሪ በክንዱ ይዞ ገባ። ጠረጴዛውን ሲያይ አፍንጫውን ያዘ።

«ኤጭ! ጋሼ፣ ደም ነው እንዴ? እንዴት ነው የሚነኩት?»

«ምን ልታዘዝ?»

«ሱሪ ላሳጥር ነበር። ለነገ ይደርሳል?»

ተቀበልኩት። ገለበጥኩና ወገቡን ወደ አፍንጫዬ አስጠግቼ መለስኩለት።

«እጠበውና አምጣው» አልኩት።

«ንጹሕ ነው እኮ! ሁለት ቀን ነው የለበስኩት!»

«እጠበውና አምጣው ልጄ» አልኩና የመርፌዬን ቀዳዳ በክሬ መፈለግ ጀመርኩ።