አራት ዶሮ በአራት ጉድጓድ

አጥንት ድንጋይ ሆኖ እንዲቆይ ከሁሉ በፊት ዕድል ያስፈልገዋል። እንስሳው ሞቶ ሜዳ ላይ ከቀረ ጅብና አሞራ ይቀራመቱታል፤ የተረፈውን ፀሐይና ዝናብ ይጨርሱታል። ጭቃ ወይም አሸዋ ቶሎ ካለበሰው ግን ሥጋው በስብሶ አጥንቱ ይቀራል። ከዚያ በአፈሩ ውስጥ የሚሰርገው ውሃ ማዕድኑን እያስገባ፣ በብዙ ሺህ ዓመት አጥንቱን ድንጋይ ያደርገዋል። ይህን ሁሉ ካምፓላ ስማር እንደ ዳዊት በቃሌ አነበንበው ነበር። መሃል ላይ ዶሮ መገነጣጠል የሚያውቁ አበሻ ሴትዮ ቢገቡበት ምን እንደሚሆን ግን ያስተማረኝ አልነበረም።

ዘመኑ በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አምስት ገደማ ነው። ካባላጋላ በሚባል የካምፓላ ሰፈር የአበሻ ምግብ ቤት ካላቸው ሴትዮ ጓሮ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነበር። እትዬ ነበር የምላቸው። ባል አልነበራቸውም፣ ልጅም አልወለዱም፤ ቁጣ ግን ለሦስት ቤተሰብ የሚበቃ ነበራቸው።

የመመረቂያ ሥራዬ ቀላል ነበር። አራት ዶሮዎች ከነላባቸው በአራት ዓይነት አፈር ይቀበራሉ፤ ከሦስት ወር በኋላ መምህሬ ባሉበት ይወጣሉ፤ የትኛው አፈር አጥንቱን ሳይበትን እንዳቆየ እጽፋለሁ፤ እመረቃለሁ። ከወደቅሁ ነጻ ትምህርቴ ያበቃና ባዶ እጄን አገሬ እገባለሁ። እትዬ ይህን ሲሰሙ አዝነው ጓሯቸውን ፈቀዱልኝ። "ዶሮ ቀባሪ! ጥጋብ እኮ ነው!" ማለታቸውን ግን አልተዉም።

አራት ጉድጓድ ቆፈርኩ። አንዱ የሚደፈነው በራሱ በጓሮው ቀይ አፈር፣ ሁለተኛው በአሸዋ፣ ሦስተኛው ከምድጃ በተዛቀ አመድ ነው። ለአራተኛው ከጋባ፣ ከሐይቁ ዳር፣ ጥቁር ጭቃ በጆንያ አመጣሁ። የጫነልኝ የቦዳ፣ የሞተር ታክሲ፣ ነጂ፣ ዓሣ ዓሣ የሚል ውሃ ሞተሩ ላይ ሲንጠባጠብ እያየ የረገመኝን እርግማን እስከ ዛሬ እፈራዋለሁ።

ዶሮዎቹን አንድ የምግብ ቤቱ ደንበኛ ባርኮ አረደልኝ። ያን ጠዋት ግን ፈተናዬ ይጀምር ነበርና ሰዓት ደረሰብኝ።

"ሂድ ተፈተን" አሉኝ እትዬ። "እኔ እቀብራቸዋለሁ። ዶሮ መቅበር ምን ጥበብ አለው?"

አመንኳቸው።

ፈተናው አራት ቀን ፈጀ። ቁርሴን ከትምህርት ቤቱ አጠገብ፣ ዋንዴገያ መንገድ ዳር፣ በቻፓቲ የተጠቀለለ እንቁላል፣ ያንን ሮሌክስ የሚሉትን ገምጬ እገባለሁ፤ ስመለስ በየቀኑ ዶሮ ወጥ ይጠብቀኛል። ያውም ፈረሰኛው! የዶሮ ብልት አሥራ ሁለት ነው፤ ከሁሉ የሚከበረው ፈረሰኛ፣ የደረቱ ብልት፣ ለአባወራ ወይም ለክቡር እንግዳ ነው የሚቀርበው። ተከራይ ፈረሰኛ በላ ሲባል ሰምቼ አላውቅም። የእህታቸውን ልጅ ሊድሩልኝ ነው ብዬ ጠረጠርኩ። ብጠረጥርም አጥንቱ እስኪነጣ ድረስ ጋጥሁት።

ሦስት ወር አልፎ መምህሬ መጡ። ዝምተኛ ኡጋንዳዊ ሽማግሌ ነበሩ፤ አጉሊ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው በጉልበታቸው ተንበረከኩ። የመጀመሪያውን ጉድጓድ በብሩሽ እየጠረግሁ ከፈትኩ።

"ላባው የታለ?" አሉ።

ላባ የለም። አጥንቶቹም ዶሮ መስለው አልተኙም፤ እንደ ማገዶ ተደራርበዋል። መምህሬ አንዱን አንስተው መገጣጠሚያውን በመነጽራቸው አዩና ፊታቸው ጠቆረ።

"ይህ የቢላ ምልክት ነው።"

ሁለተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛውም አራተኛውም እንደዚያው። ከአራቱም ደግሞ የደረት አጥንት የለም።

መምህሬ ተነስተው ጉልበታቸውን አራገፉ። "የምትኖረው ምግብ ቤት ውስጥ ነው" አሉ ቀስ ብለው። "ከደንበኛ ሳህን የተረፈ አጥንት ለቃቅመህ ትናንት ቀብረኸዋል። ይህ መውደቅ ብቻ አይደለም። ማጭበርበር ነው፤ ያስባርራል።"

እውነት ለመናገር አለቀስኩ ማለት ይቻላል። እትዬ ቢላቸውን እንደያዙ ከማድቤት ብቅ አሉ።

"ምን ሆነህ ነው?"

"ዶሮዎቹ ተቆራርጠዋል፣ እትዬ! ላባ የላቸውም!"

"ታዲያ ከነላባው፣ ከነቆሻሻው ልቅበርልህ? ሰው ቢያወጣው ምን ይለኛል? ገነጣጥዬ፣ በሎሚና በጨው ስድስት ጊዜ አጥቤ ነው የቀበርኩልህ።"

"ደረታቸውስ? የአራቱም ደረት ጠፍቷል!"

"አልጠፋም" አሉ። "አንተ ነህ የበላኸው።"

"ምን አሉ?" አሉ መምህሬ።

ተረጎምኩላቸው። ሌባውን ሳስስ ሌባው እኔ ሆኜ መገኘቴን በእንግሊዝኛ ማስረዳት እንዴት እንደሚያሳፍር አይጣል ነው። መምህሬ ግን አላመኑም፤ ያሳዩኝ አሉ። እትዬ ለምሳ የተዘጋጀ ዶሮ አምጥተው እዚያው ጓሮ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ቢላው አንዴም አልተሳሳተም፤ አሥራ ሁለት ብልት ሳህኑ ላይ ተደረደረ። መምህሬ ከጉድጓድ የወጣውን አጥንት አሁን ከተቆረጠው ጋር በመነጽራቸው አስተያዩ። እያንዳንዱ ምልክት በቦታው ነበር።

"አጥንቶቹም ወጥ አላዩም፤ ከሳህን የተረፉ አይደሉም" አሉ መጨረሻ ላይ፤ ፈገግ ሲሉ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። "ደረቱን ለምን እንዳስቀሩ ጠይቅልኝ።"

ጠየቅሁ። እትዬ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ።

"ከዶሮ ፈረሰኛ አይቀበርም። ይሰጣል። እኔ ደግሞ አባወራ የለኝ፣ ልጅ የለኝ። አንድ ልጅ ፈተና ላይ ነው፤ ለማን ልስጠው?"

ይህንንም ተረጎምኩ። የእህት ልጅ፣ ጋብቻ ብዬ ማሰቤ አንገበገበኝ።

መምህሬ የሆነውን ሁሉ ሳልደብቅ እንድጽፍ አዘዙኝ። አጥንቱን ያጠፋው እንስሳ ማን እንደሆነ በሚሞላበት ቦታ "ተማሪው ራሱ" ብዬ ጻፍኩ። የጋባው ጭቃ አጥንቱን ከሁሉ አሳምሮ ማቆየቱንም ጻፍኩ። አለፍኩ፤ ለጥቂት ግን።

የተመረቅሁ ቀን እትዬ ዶሮ ሠሩ። ፈረሰኛውን ለእኔ ሲያወጡ አንስቼ እሳቸው ፊት አስቀመጥኩት።

"ይሄ ለሴት አይሰጥም!" ብለው ተቆጡ። መልሼ ገፋሁላቸው። በሉት፤ በርበሬው በዛ እያሉ ዓይናቸውን ጠረጉ። ከዚያ አጥንቱን በሎሚ አጥበው መዳፌ ላይ አኖሩልኝ።

"በል ሂድ ቅበረው" አሉኝ። "አንዱ ዶሮ እንኳን ሙሉ ይሁንልህ።"

ሄጄ ከአራተኛው ጉድጓድ፣ ከጋባው ጭቃ ውስጥ ቀበርኩት።