ጋሽ ደምሴ ያጠበቁት ካንዴላ

ከፒያሳ የወጣሁት ጎህ ሲቀድ ነው። የሰዓት እላፊው ገና መነሳቱ ነበር። ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ካለው ቤታችን ተነስተን የቸርችልን ቁልቁለት ስንወርድ ከእኛ ዶቅዶቄ ሌላ የሚጮህ ነገር አልነበረም። ባለቤቴ ሰናይት ከኋላዬ ተፈናጥጣ ወገቤን ይዛለች፤ ካፖርቷን እስከ አንገቷ ቆልፋለች። አንድም ቃል አልተነፈሰችም፤ እኔም ፈርታ ነው ብዬ ዝም አልኩ። እዚያ የቀራችሁም ሆናችሁ እንደኔ በሰው አገር የምትንከራተቱ፣ ይህን ስታነቡ "ግርማ ደግሞ ስለ ካንዴላ ምን ያወራል?" እንዳትሉኝ። ሰው በወንድሙ ይከዳል፣ በጓደኛው ይከዳል። እኔ የተከዳሁት አውራ ጣት በምታክል፣ ለሞተሩ እሳት በምትጭር ካንዴላ ነው፤ የከዳኝን ሰው ለማወቅ ደግሞ ዓመታት ፈጅቶብኛል።

ጋሽ ደምሴ የሰናይት አባት ናቸው፤ ለእኔም ሙያ ያስተማሩኝ ሰው። ድልድዩ አጠገብ ባለችው ጠባብ ጋራዣቸው ስንት ዓመት አብረን ሞተር ሳይክል ስንፈታና ስንገጥም ኖረናል። "መንገዱን ሳትጠይቅ ካንዴላ አትምረጥ" ይሉኝ ነበር። እነዚያ ዶቅዶቄዎች ዘይትና ቤንዚን ተደባልቆላቸው የሚጠጡ ባለ ሁለት ምት ናቸው፤ ዘይቱ ካንዴላውን ያጠቁረዋል። ፒያሳ ብርድ ነው፤ መንገዱም አጭር ነው፤ ከጊዮርጊስ አትክልት ተራ፣ ከአትክልት ተራ አምስት ኪሎ፣ ቆም ሄድ ነው። ስለዚህ አፍንጫው ረዘም ያለ፣ ሙቀት ይዞ ዘይቱን እያቃጠለ ራሱን የሚያጸዳ ካንዴላ ይታሰርለታል። እሱን ሙቁ እንለዋለን። ሰው አፈናጥጦ ቆላ የሚወርድ ግን አፍንጫው አጭር የሆነ፣ ሙቀቱን ቶሎ የሚያስወጣ ቀዝቃዛ ካንዴላ ይፈልጋል። ቀዝቃዛውን ፒያሳ ላይ ብታስረው ዘይት ጠጥቶ ይታፈናል። ሙቁን ቆላ ብታወርደው እንደ ፍም ይግልና ፒስተኑን ይበሳዋል።

ስለዚህ ጋሽ ደምሴ ደንበኛ ሲመጣ ሰላምታው ሳያልቅ "የት ነው የምትሄደው?" ይሉታል። በዚያ ዘመን ይህ ጥያቄ ሰው ያስበረግጋል። አንድ የአምስት ኪሎ አስተማሪ ላቡ ጠብ ሲል አይቻለሁ።

"ኧረ የትም አልሄድም ጋሼ! ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት! አብዮቱን ትቼ የት እሄዳለሁ?"

"እሱን ለቀበሌህ ንገር። እኔ የጠየቅኩህ ለካንዴላው ነው" አሉት።

በጋራዡ ሌላም ሕግ ነበር። ጋሽ ደምሴ በእጃቸው ያጠበቁትን ማንም አይፈታም፤ ፈትቶ ማየት እሳቸውን መጠርጠር ነው። ሰናይትም እዚያው ዘይት እየረገጠች ያደገች ናት። የካንዴላ ሳጥኑን የምትደረድረው እሷ ነበረች፤ ዓይኗን ጨፍና በጣቷ ዳስሳ ሙቁን ከቀዝቃዛው ትለያለች።

ቀበሌ ሁለት ጊዜ ጠርቶኝ ሁለት ጊዜ ተመልሻለሁ። ሦስተኛው ጥሪ መመለሻ እንደሌለው ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ለጋሽ ደምሴ ነገርኳቸው።

"ጋሼ፣ እስከ ድሬዳዋ በሞተር፣ ከዚያ ወዲያ በእግር ነው። ጅቡቲ።"

"እሷስ?" አሉኝ።

"ሚስቴ አይደለች? አብራኝ ትሄዳለች እንጂ።"

እጃቸውን በጨርቅ ሲጠርጉ ቆዩና "ቀዝቃዛውን በእጄ አስርልሃለሁ" አሉ። እኔም እናቴን ልሰናበት አምስት ኪሎ ወጣሁ። አመሻሹ ላይ ስመለስ ሞተሩ ተወልውሎ ግቢው ውስጥ ቆሟል። ካንዴላውን አልነካሁትም፤ እሳቸው ያሰሩትን እንዴት ብዬ?

እስከ ናዝሬት ሞተሩ ዘፈነ ብላችሁ ይቀላል። ለኬላው "ድሬዳዋ ለቅሶ ነው" የሚል ወረቀት ነበረን፤ የሰናይት ፊት ደግሞ በእውነት የለቀስተኛ ስለነበር አንዱም ጠባቂ አልተጠራጠረም። ከመተሐራ አለፍ ስንል ሙቀቱ መጣ፤ ከሞተሩ ውስጥም ጠጠር ቆርቆሮ ላይ እንደሚበተን ያለ ድምፅ ተሰማ። ጥቂት እንደሄድን ጧ አለና ቆመ። ካንዴላውን በጨርቅ ይዤ ፈታሁት። ጫፉ ቀልጧል፤ ነጩ ሸክላ ላይ የፒስተኑ ብናኝ ተለጥፏል። አፍንጫው ረጅም ነው። የፒያሳው ነው፤ ሙቁ! መለዋወጫ ካንዴላ ኪሴ ውስጥ ነበረ፤ ፒስተኑ ከተበሳ በኋላ ግን ምን ይሠራል?

"አባትሽ ሸጡኝ!" ብዬ ጮህኩ። "ሌላ ሰው ቢሆን ተሳሳተ እል ነበር፤ እሳቸው በካንዴላ ይሳሳታሉ?"

ሰናይት ድንጋይ ላይ ተቀምጣ መሬት መሬት ታያለች። "አባቴን አትስደብ" አለች ቀስ ብላ።

"ማን አሰረው ታዲያ?"

አንድ ባዶ የጭነት መኪና ወደ ድሬዳዋ ሲመጣ አስቆምኩ። ሹፌሩ እኔንም እሷንም አየና "ወንድሜ፣ አንተን ረዳቴ ነው እላለሁ። እሷን ምኔ ናት ልበል?" አለኝ። ገና ስንነታረክ በወዲያ በኩል ብርቱካን ጭኖ ወደ አትክልት ተራ የሚሄድ መኪና ቆመ። ሰናይት ብድግ አለች።

"አንተ ሂድ። እኔ እከተልሃለሁ።"

ለአፍታ እንኳ አላሰበችም። እኔ ግን ለእኔ ብላ ራሷን መሥዋዕት አደረገች ብዬ አለቀስኩ። ብርቱካኑ ላይ ተቀምጣ ወደ ሰፈራችን ስትመለስ ዓይኔ እስኪፈዝ አየኋት።

በረሃውን በእግሬ እንዴት እንዳቋረጥኩ ሌሎች ከእኔ በላይ ነግረዋችኋል፤ ልዝለለው። ጅቡቲ ስገባ የተቀበለኝ አንድ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ መዝጋቢ ነበር፤ ባስተርጓሚ ተነጋገርን።

"ሙያ?"

"የሞተር ሳይክል መካኒክ።"

"ሞተር ሳይክልህስ?"

"መንገድ ላይ ተቃጠለ።"

"ማን አቃጠለው? መንግሥት?"

"አማቴ።"

አስተርጓሚው ሳቀ። መዝጋቢው ግን አልሳቀም። "ወረቀቱ ላይ ለስደት ምክንያት ሁለት ሣጥን ብቻ ነው ያለው" አለ፤ "ፖለቲካ እና ሌላ።" ብዕሩን ነከስ አድርጎ "ሌላ" የሚለው ላይ ምልክት አደረገ። በዚያች ምልክት ምክንያት ስንት ቢሮ ስመላለስ እንደኖርኩ አትጠይቁኝ።

አከራዬ ሙሴ ፋራህ ድሬዳዋ ባቡር ላይ የሠሩ ሰው ስለሆኑ አማርኛ ይሞካክራሉ። ክፍሉን ሲያሳዩኝ "ጥሩ ቤት ነው፤ በሙቀቱ ወራት ግን ውስጡ አይተኛም" አሉኝ።

"የት ነው የሚተኛው?"

"ጣሪያ ላይ።"

"እሺ፣ ጣሪያው ከክፍሉ ጋር ነው አይደል?"

"አይደለም ልጄ። ክፍሉ ያንተ ነው። ጣሪያው የሌላ ተከራይ ነው።"

እናንተ ነሐሴ ላይ ካፖርት ደርባችሁ በፒያሳ ጭቃ ስትዘሉ፣ እኔ እርጥብ አንሶላ ለብሼ በሰው ጣሪያ ላይ እገላበጣለሁ። ከበረሃው የሚመጣው ነፋስ የእቶን በር እንደተከፈተ ነው። ጠዋት ባጌት የሚሉትን እንደ ክንድ የረዘመ ዳቦ በሻይ እበላለሁ፤ ደህና ነው፣ ሆድ ይሞላል፤ በርበሬ የነካው ነገር እስካገኝ ግን ምላሴ ያኮርፋል። ሥራ አላጣሁም። እዚህ ካንዴላን ቡዢ ነው የሚሉት፤ ያለ ቀዝቃዛው አያስሩም። ሙቁን ብጠይቅ ሻጩ እንደ እብድ ያየኛል።

የቀለጠውን ካንዴላ መስኮቴ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ላገኘሁት ሐበሻ ሁሉ ሁለት ነገር እናገር ነበር፤ የአማቴን ክፋትና የሚስቴን መሥዋዕትነት። ለጋሽ ደምሴም ደብዳቤ ጻፍኩ። እንጀራቸውን በልቼ ያደግኩ ሰው ልጽፈው የማይገባኝን ሁሉ ጻፍኩ። መልስ አልሰጡም። ሰናይት አልፎ አልፎ ትጽፋለች፤ "ደህና ነኝ፣ አታስብ" ትላለች። መቼ እንደምትመጣ አትጽፍም።

ከዓመታት በኋላ ያው መዝጋቢ ሌላ ወረቀት አወጣ። የመኖሪያ ፈቃድ ሊሰጠኝ ነው። "ሚስት አለህ። ትመጣለች ወይስ አትመጣም? ሰኞ መልስ አምጣ። አንዴ ከተጻፈ አይቀየርም።"

ለሰናይት ቀደም ብዬ በጻፍኩት ቀጠሮ መሠረት እሑድ ፖስታ ቤት ሄጄ ከጋራዡ አጠገብ ላለው ኬክ ቤት ስልክ እንዲደወልልኝ አስመዘገብኩ። ስልኩን ያነሱት ግን ጋሽ ደምሴ ናቸው። ድምፃቸው አርጅቷል። መስመሩ ላይ ሌላ ጆሮ እንደሚኖር ሁለታችንም እናውቃለን፤ ስለ ስደት አይወራም። ስለ ካንዴላ ማውራት ግን ማን ይከለክላል?

"ጋሼ፣ ያን ዕለት የቱን ነበር ያሰሩልኝ?"

"ቀዝቃዛውን።"

"በእጄ ፈትቼ አየሁት እኮ! ሙቁ ነበር!"

"ያየኸውን አየህ። እኔ ያሰርኩት ቀዝቃዛውን ነው።" ትንሽ ተነፈሱ። "ሰናይት የተመለሰች ቀን ካፖርቷን ከአቧራው ላራግፍ ሳነሳው ቀዝቃዛው ከኪሷ ወደቀ። በጨርቅ ጠቅልላዋለች።"

"ታዲያ ያን ሁሉ ስድብ ስጽፍልዎ ለምን ዝም አሉኝ?"

"ልጄ ናት። ከእሷ እኔን ብትረግም ይሻላል አልኩ። እንካት፣ አጠገቤ ናት።"

በዚያች ቅጽበት ማፈሩም መናደዱም አንድ ላይ ሆነብኝ። ያ ሁሉ ዓመት የረገምኩት ሰው አልበደለኝም፤ ያወደስኳት ሴት ናት በገዛ እጇ ያቃጠለችኝ።

"ግርማ" አለች። "አምስት ኪሎ የሄድክ ጊዜ ነው የቀየርኩት።"

"መሄድ አልፈልግም ብትይኝ ምን ነበረበት?"

"አልሄድም ብልህ ለእኔ ብለህ ትቀር ነበር። እንድትቀር አልፈለግኩም፤ ሞተሩ መንገድ ላይ ከቆመ አንተ ታልፋለህ፣ እኔ እመለሳለሁ አልኩ።"

"እዚያ ሜዳ ላይ ቢይዙኝስ?"

"አባዬ የማያውቀውን ሰው ሁሉ ‘የት ነው የምትሄደው?’ ይላል" አለች። "አንተ እኔን አንድ ቀን ጠይቀኸኛል?"

ከጀርባዋ አንድ የታክሲ ረዳት "አምስት ኪሎ! አምስት ኪሎ!" እያለ ይጮሃል።

"አሁን ልጠይቅሽ" አልኳት። "ሰናይት፣ የት መሄድ ነው የምትፈልጊው?"

ትንፋሿን ሰማሁ። ከዚያ መስመሩ ተቆረጠ፤ ሰዓቱ አልቋል። ደግሜ ባስመዘግብም ኬክ ቤቱ አላነሳም።

ሰኞ መዝጋቢው ብዕሩን ይዞ ጠበቀኝ። "ትመጣለች ወይስ አትመጣም?"

"ሌላ የሚል ሣጥን የለውም?" አልኩት።

ወረቀቱን አገላብጦ አየልኝ። "ይሄኛው የለውም" አለኝ።