ወፍጮ የሌለው ወፍጮ ቤት ጋ ድንኳን ልንተክል

«እዚያ ደርሰህ ጠይቅ፣ ሁሉም ያውቀዋል» ተብላችሁ፣ የሚያውቅ ሰው አጥታችሁ ታውቃላችሁ? እህቴ ሰብለ በዚህ ምክንያት ሥራዋን ልትተው ደርሳ ነበር። ጀሞ ውስጥ የሰርግ ድንኳንና ወንበር ታከራያለች። ባለፈው ሰርግ መኪናዋ ቤቱን ፍለጋ ስትዞር፣ ድንኳኑ ሳይተከል ሙሽራዋ ወጥታ ሄደች። «አንድ ጊዜ ከደገመን ድንኳኑን እሸጠዋለሁ» ብላኛለች። ቅዳሜ ጠዋት ላፕቶፔን ይዤ ከጎፋ የተነሳሁት ለዚህ ነው።

ጀሞ

የታክሲው ረዳት «አንድ ሰው፣ አንድ ሰው» እያለ አራት ጭኖ ጀሞ አደረሰን። ሰብለ ከሹፌሯ ከጋሽ ደበላ ጋር ወንበር ታስጭናለች። በነፃ በሚገኝ፣ የኮምፒውተር ረዳቶችን አቀናጅቶ በሚያሠራ ሶፍትዌር የሠራሁትን ፕሮግራም ከፍቼ አሳየኋቸው።

ነገሩ ቀላል ነው። ሦስት የሰው ሠራሽ አስተውሎት ረዳቶች አሉ። አንዱ የደንበኛን የቴሌግራም መልእክት ይረዳል፤ አንዱ መጋዘን ውስጥ ያለውን ዕቃ ያያል፤ ሌላው የመኪናውን መንገድ ያወጣል። ከበላያቸው ሥራውን ከአንዱ ለሌላው የሚያቀብል አቀናባሪ አለ። በማስተምርበት ትምህርት ቤት እንዳለው የክፍል አለቃ ማለት ነው፤ ማን ምን እንደሠራ ይቆጣጠራል።

«አለቃው ቢሳሳትስ?» አሉ ጋሽ ደበላ። «የምሰደበው እኔ ነኝ።»

«ካላወቀ እንዳይገምት፣ እንዲጠይቅ አድርጌዋለሁ።»

«ከአንተ ይሻላላ» አለች ሰብለ።

የዕለቱን ትዕዛዝ አስገባን። ፉሪ የሚኖሩት ወይዘሮ ማርታ ልጃቸውን ይድራሉ፤ አድራሻቸው «ከወፍጮ ቤቱ ገባ ብሎ» የሚል ብቻ ነው። መንገድ አውጪው ካርታው ላይ ያገኘው ወፍጮ ቤት እዚሁ ጀሞ ያለው ነበር። አቀናባሪው ሰፈሩ እንደማይገጥም አይቶ አስቆመውና ለወይዘሮ ማርታ እንዲህ ሲል ላከ፦ «ወፍጮ ቤቱ አሁንም አለ? ከሌለ በቦታው ምን አለ?»

መኪናው ተጭኖ፣ ሞተሩ ተነስቶ ጠበቅን። ሰብለ ዓይኗን ከስልኩ አልነቀለችም። በመጨረሻ የድምፅ መልእክት መጣ።

«ወፍጮውማ ፈርሶ ፎቅ ሆኗል፤ ስሙን ማን ይቀይረዋል ልጄ? ከሥሩ ፋርማሲ አለ። ፋርማሲውን አልፋችሁ በግራ ግቡ።»

መንገዱ ወዲያው ለጋሽ ደበላ ስልክ ደረሰ።

ፉሪ

ሐና ማርያምን እንዳለፍን አስፋልቱ አለቀ፤ ድንጋይ ንጣፉ ወንበሮቹን ያንቀጫቅጫቸው ጀመር። በጅምር ቤቶች መካከል እዚህም እዚያም የእርሻ ማሳ ይታያል። ፎቁን፣ ከሥሩም ፋርማሲውን ስናይ ጋሽ ደበላ ጥሩምባቸውን ነፉ።

ወይዘሮ ማርታ በራቸው ላይ ቆመው «ጌታ ይባረክ» አሉ። «መቶ ጊዜ ሳትደውሉ እንዴት አገኛችሁት?»

ሙሽራዋ ስትወጣ ድንኳኑ ቆሞ፣ ወንበሩ ተደርድሮ ነበር። ሰብለ ከሁሉም በላይ እልል አለች። ክትፎ በቆጮ በልተን ነው የተለቀቅነው።

ወደ ቤት

ስመለስ ጎፋ ሳልደርስ ሰብለ ደወለች። «ስማ መምህር፣ ሁለተኛ ድንኳን ልግዛ እንዴ?»

ጉዞው ያስተማረኝ ይህን ነው፤ ሥራችንን ያዳነው የማሽኑ ፍጥነት ሳይሆን ቆም ብሎ መጠየቁ ነው። እናንተም ሥራችሁ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የት ላይ እንደሚበጠስ እዩ። እዚያች ቦታ ላይ አንድ ረዳት አቁሙ፤ የመጀመሪያ ትእዛዙም «ካላወቅህ ጠይቅ» ይሁን። እስቲ ሞክሩት።