ያቺ ሴት ምን አለችው?

ዓመቱን በትክክል አላስታውሰውም፤ ጎረምሳ ሆኜ አሜሪካ፣ ኦክላንድ ከተማ የገባሁ ሰሞን ነው። ዛሬ ሌክ ሜሪት ሐይቅ አጠገብ የፈንዲሻ ሽታ ሲመታኝ ያኔ ፊልም ያየሁበት ሲኒማ ቤት ትዝ አለኝ። ፊልሙ የጥንት ነው፣ ድምፅ የለውም፤ ንግግሩ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ይመጣል። እኔ ማንበብ ስለማልችል የተማሩት ጎረቤቴ እየተረጎሙልኝ ነበር። አንዲት ቆንጆ ለባለትዳር ሰውዬ ብርጭቆ ሰጠችውና በጆሮው አንሾካሾከች። ጽሑፉ መጣ።

«ጋሼ፣ ምን አለችው?»

«ዝም በል፣ ጾም ነው! ይሄ አይነበብም።»

«መርዝ ነው እንዴ? ጠጣው እኮ!»

«ከመርዝም የባሰ ነው።»

ጽሑፉ ጠፋ፤ ሰውዬው ሚስቱን ጥሎ ተከተላት። በንዴት ጨስኩ። በማግስቱ «ማንበብ ያስተምሩኝ» ብዬ ደጃቸው ቆምኩ። ዛሬ አነባለሁ፤ ፊልሙን ግን ደግሜ አላገኘሁትም፤ እስካሁን ያንገበግበኛል። በትዕግሥት ያስተማሩኝ፣ ያቺን ቃል ግን እስኪሞቱ የነፈጉኝ፣ ጋሼ መኩሪያ ናቸው።