ፍል ውሃ በባዶ ሆድ

ዛሬ ሌዊስቪል፣ በምሠራበት መጋዘን የምሳ ክፍል፣ የሥራ ጓደኛዬ የተቀቀለ እንቁላል ስትልጥ ድኝ ድኝ የሚለው ሽታ ይዞኝ ሄደ።

የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። እማዬ አየር መንገድ ስለምትሠራ ቤተሰቧ በነፃ ይበር ነበርና እኔንና አባባ የምላቸውን አያቴን ጃፓን ወሰደችን። አባባ ዳላስ ውስጥ ጉልበቴን እያሉ ከሶፋ አይነሱም ነበር። ጃፓን የሄድንባትን የፍል ውሃ ከተማ ግን በከዘራቸው እየተደገፉ በእግራቸው ዞሯት። በየመንገዱ ዳር እግር የሚነከርበት ገንዳ አለ፤ አባባ በእያንዳንዱ አማትበው እግራቸውን ይነክራሉ።

«የማን ጠበል ነው?» አሉኝ።

«ጠበል አይደለም አባባ፣ ዝም ብሎ የሚፈላ ውሃ ነው።»

«ዝም ብሎ የሚፈላ ውሃ የለም። ገና አልጨረስንም፣ እህል እንዳትቀምሺ።»

በፍል ምንጩ የተቀቀለ እንቁላል በመረብ እያወጡ የሚሸጡ አሮጊት ባለፍን ቁጥር አንድ ይዘረጉልኛል። አባባ እጅ ነስተው እምቢ ይላሉ፤ ሆዴ ይጮኻል። አምስተኛው ገንዳ ላይ ግን አባባ ከዘራቸውን ረስተው ተነሱ። እየሳቅኩ ይዤላቸው ሮጥኩ።

ስንመለስ ኤርፖርት ላይ ፈታሹ ለጎረቤት የሞሉትን ጠርሙስ አይቶ ውሃ አያልፍም አለ። አባባ ጠርሙሱን መልሰው ወሰዱ። ከፍተው ሁሉንም አናቴ ላይ አፈሰሱት።

«በይ፣ አንቺ ይዘሽው እለፊ።»

እየተንጠባጠብኩ አለፍኩ። ፈታሹም ሳቁን መያዝ አቃተው።

«እንቁላል ልስጥሽ?» አለችኝ የሥራ ጓደኛዬ፣ የላጠችውን ዘርግታ።

«ገና አልጨረስንም» ልላት ምንም አልቀረኝም።