ለአስፋልትም ለኮረኮንችም የሚሆን ብስክሌት

ቅዳሜ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት፤ ወልዲያ

ከቤት የወጣሁት ተናድጄ ነው። በሩን እንደ ልማዴ በሁለት እጄ አንሥቼ ገፋሁት። የራሳችን በር በጦርነቱ ጊዜ ተነቅሎ ሄዷል። ይኼኛውን ከተማዋ እንደ ተለቀቀች ከመንገድ ዳር ገዝተን ነው የገጠምነው፤ ለመቃናችን ትንሽ ስለሚረዝም ካላነሡት አይዘጋም። ባለቤቴ አራስ ናት። ከውስጥ ሆና “ቀስ በል፣ ልጁን ትቀሰቅሰዋለህ” አለችኝ። ይኼም ንዴቴን ጨመረልኝ።

የምሄደው መርሳ ነው፤ ብስክሌት ልገዛ። የማስተምርበት ትምህርት ቤት ከሲሪንቃ ተገንጥሎ፣ አስፋልቱን ለቅቆ ሰባት ኪሎ ሜትር ወደ ውስጥ ይገባል። ሰኞ ይከፈታል። ወንበሩ ተማግዷል፣ ሰሌዳው በጥይት ተበሳስቷል፣ ቢሆንም ይከፈታል። የስምንተኛ ክፍል ልጆች ሚኒስትሪ ለመፈተን የቀራቸው ጊዜ አጭር ነው፤ ከሒሳብ መምህራን ደግሞ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። ርእሰ መምህሩ በሰው የላከብኝ መልእክት አንድ መስመር ነበር፦ “ሰኞ ካልመጣህ ክፍሉን እበትነዋለሁ።” እዚያው እንዳላድር አራስና ጨቅላ ጥዬ አይሆንም። በሚኒባስ እንዳልመላለስ ቤንዚን በውኃ ጠርሙስ እየተቸረቸረ ታሪፉን ማን ይችለዋል? በእግር እንዳልል ደርሶ መልስ አርባ ስምንት ኪሎ ሜትር ነው። የቀረኝ ብስክሌት ነው፤ ገንዘቡም ለልጁ ክርስትና ያስቀመጥነው ነው።

መናኸሪያ ከረዳቱ ጋር ተጨቃጨቅሁ።

“መርሳ ሠላሳ ብር አልነበር?”

“እሱ ድሮ ነው፣ መምህር። አሁን መቶ ነው።”

“ድሮ ማለት መቼ ነው?”

“ሰኔ” አለኝ፣ ዓይኑን እንኳ ሳያሽ። መቶ ብር ከፍዬ ገባሁ፤ ለሦስት የተሠራ ወንበር ላይ አምስት ሆነን ተቀመጥን።

ሦስት ሰዓት ገደማ፤ ሲሪንቃ

አስፋልቱ በታንክ ሰንሰለት ተቦጫጭቋል። አንዳንድ ቦታ ጥርስ እንደ ነካው ዳቦ ጠርዙ የለም። ሾፌሩ ጉድጓዱን ሲሸሽ እኔ ስለ ብስክሌት ጎማ አስባለሁ፤ ይኼ መንገድ ቀጭን ጎማ አይምርም። ሲሪንቃ ስንደርስ የወታደር መኪኖች እስኪያልፉ ተብለን ቆምን። ሁለት ሰዓት ፈጀ።

ወርጄ ከመንገዱ ዳር አንድ ግራር ሥር ተቀመጥኩ። አንድ ሽማግሌ ከጎኔ ነበሩ፤ አያ ፈንታው ይባላሉ፣ የዚያው አገር ገበሬ ናቸው። ከጀሪካናቸው በጣሳ ውኃ ቀድተው ሰጡኝ።

“ወዴት ነው መንገዱ?”

“መርሳ፣ አያ። ብስክሌት ልገዛ።”

ጀሪካናቸውን ከደኑና “የኔም ልጅ ነበረችው፤ ሰማያዊ” አሉ።

ልጃቸው ምስጋናው ወልዲያ እየተመላለሰ የሚማርባት ነበረች። ውጊያው ሲቃረብ እንደ እኩዮቹ ወደ ደሴ በእግሩ ሸሸ። ሲሸሽ “አባባ፣ ብስክሌቴን አደራ” ብሎ ነው የሄደው። ከዚያ ወዲህ ወሬው አልተሰማም። አያ ፈንታው ብስክሌቷን በጭድ ውስጥ ቀብረው ከታጣቂዎቹ አተረፏት። ታጣቂዎቹ በወጡ ማግሥት ግን የገዛ አገራቸው ሰው ሰረቃቸው።

“በሬዬን ቢወስዱት የራሴ ነው፣ እግዜር ያውቃል እላለሁ” አሉ። “ይቺ ግን አደራ ናት። ልጄ መጥቶ ‘አባባ፣ የታለች?’ ቢለኝ አደራ በላ ልባል ነው? አስገዘትኩባት። ቄሱ እሑድ ለሕዝቡ ተናገሩልኝ፤ የወሰደ፣ የገዛ፣ አውቆ የደበቀ ውግዝ ይሁን፣ ይመልስ አሉ።”

“ምን ተመለሰ?”

“አንድ ማጭድ፣ ሁለት ጀሪካን፣ እግሩ የተሰበረ አልጋ። የሌላ ሰው ነው ሁሉም።”

“ብስክሌቷ ብትገኝ በምን ያውቋታል?”

“ኮርቻዋ እየተንሸራተተ ቢያስቸግረው ከበረባሶ ጫማው ቆርጦ፣ በቀይ ጨርቅ ጠቅልሎ ከሥሯ ሰክቶባታል። እኔው ነኝ ጨርቁን የሰጠሁት።”

ደሜ ፈላ። ከጥንት ጀምሮ ሌባን የሚረግመው ሰው ብዙ ነው፤ እኔ ግን ያን ቀን የተንጨረጨርኩት በገዢው ላይ ነበር። “ሌባው እሺ ሌባ ነው” አልኳቸው። “ዓይኑ እያየ የሚገዛውስ ከሌባው በምን ይሻላል? ገዢ ባይኖር ማን ይሰርቅ ነበር?” አያ ፈንታው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሌላም ብዙ ተናገርኩ፤ አፌ ለንግግር አይሰንፍም። ከዚያ መንገዱ ተከፈተና ተሳፈርኩ።

ሰባት ሰዓት፤ መርሳ

መርሳ ከወልዲያ ይሞቃል። ሹራቤን አውልቄ አንድ ምግብ ቤት ሽሮ በላሁ፤ ስልሳ ብር፣ እሱም ዘይት የሸተተው ከሩቅ ነው። ከዚያ ወደ ጌታቸው ሱቅ ሄድኩ። ጌታቸው ብስክሌት ጠጋኝም ሻጭም ነው፤ እጁ ግራሶ፣ አፉ ማር ነው። ሦስት ብስክሌት አወጣልኝ።

አንደኛዋ ኮርሳ ናት፤ መሪዋ ወደ ታች የተቆለመመ፣ በሁለት ጣት የምትነሣ። ጎማዋ ከአውራ ጣቴ አይሰፋም። አስፋልት ላይ ትበራለች፤ ኮረኮንች ስትገባ ግን ድንጋይ ጎማዋን ከቸርኬው ብረት ጋር ነክሶ ይበሳዋል። መለዋወጫ ጎማ ስጠይቀው “አዲስ አበባ” አለኝ፣ ጎረቤት ሱቅ የሚልከኝ ይመስል።

ሁለተኛዋ ማውንቴን ናት፤ ፊት ለፊቷ ስፕሪንግ አለ፣ ጎማዋ ጥርሳም ወፍራም ነው። ድንጋዩን ትንቀዋለች። አስፋልት ላይ ግን ጥርሱ እየተጣበቀ ጉልበት ይጠጣል፤ ስፕሪንጉም እያንዳንዱን የፔዳል እርግጫ ተቀብሎ ይውጠዋል። ወደ ወልዲያ ዳገቱን ከሷ ጋር ስወጣ ራሴን አሰብኩት፤ ልጄ ጥርስ አብቅሎ ይጠብቀኛል።

ሦስተኛዋን ሲያወጣ ጌታቸው ሳቀ። “መምህር፣ ይቺ በቅሎ ናት። ፈረስም አይደለች፣ አህያም አይደለች።”

እውነቱን ነው። መሪዋ የኮርሳ፣ አካሏ ግን ብረት ነው፤ ቢሰበር የትም ያለ በያጅ ይበይደዋል። ጎማዋ መካከለኛ ሆኖ ሹካዋ ሰፊ ነው፤ ከፈለግሁ ከዚህ የወፈረ ጎማም ይገባል። ማርሿ ለዳገት የሚሆን ትልቅ የኋላ ጥርስ አለው። ደብተር የምጭንበት መጫኛ ማሰሪያ ቀዳዳ አላት። ጥቁር ናት፤ ቀለሟ ገና ይሸታል።

ጠየቅሁ። ፍሬኑን ጨመቅሁ፣ ቸርኬውን አሽከረከርኩ፣ የጎማውን ሽቦዎች፣ ራጂውን፣ አንድ በአንድ ነካሁ። ካቴናው ስንት ዓመቱ ነው? የጎማው ኩሽኔታ ተቀይሯል? ኮረኮንች ላይ ንፋሱን ምን ያህል ልቀንስ? ጌታቸው ሁሉንም መለሰ። ከአስፋልቱ ወርጄ በብርቱካንና በማንጎ ማሳ መካከል በምትገባ ፒስታ ላይ ሞከርኳት፤ ጠጠሩን እየነዘረች ግን ሳትንሸራተት ሄደች። ኮርሳዋን አሥራ አምስት ሺህ፣ ማውንቴኗን አሥራ ሁለት ሺህ ነበር ያለኝ። ይቺን ሰባት ሺህ አለኝ። ለምን ረከሰች ብዬ አልጠየቅሁም። ካቴናው አጠገብ ጥቁሩ ቀለም ተፍቆ ከሥሩ ሰማያዊ ይታይ ነበር። አየሁና ወደ ጎማው ዞርኩ። ሠላሳ ጥያቄ ጠይቄ ከፈልኩ።

እሑድ፣ ጠዋት፤ ከመርሳ ወደ ሲሪንቃ

መርሳ አድሬ ገና ሳይሞቅ ተነሣሁ። ብስክሌቷ የተባለላት ሁሉ ሆነች። የተቦጫጨቀውን አስፋልት ትሻገራለች፣ ጉድጓድ ሲመጣ በጠጠሩ ዳር ታልፋለች። ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ አለኝ፤ ሰኞ ጠዋት ክፍሉ በር ላይ ስደርስ የልጆቹ ፊት ይታየኝ ነበር።

ኮርቻዋ ግን ዝቅ ያለች ናት፤ እግሬ ረጅም ስለሆነ ዳገቱ ላይ ጉልበቴ ታመመ። ሲሪንቃ ልገባ ስል ወርጄ ከጌታቸው በገዛሁት የብሎን መፍቻ ፈታሁና ኮርቻዋን ሳብኩ። አልወጣ አለች። ወዝውዤ ስስባት ተነቀለች፤ አንድ ነገርም አብሮ ወደቀ። የበረባሶ ቁራጭ፣ በቀይ ጨርቅ የተጠቀለለ።

መጀመሪያ የሰደብኩት ጌታቸውን ነው። ቀጥሎ ሌባውን። ቀጥሎ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ አያ ፈንታውን ሰደብኳቸው፤ ባይነግሩኝ ምን ነበረበት? መንገድ ዳር ተቀምጬ ሒሳብ ሠራሁ። የከፈልኩት የልጄ የክርስትና ገንዘብ ነው። ልጆቹ እየጠበቁኝ ነው። ምስጋናው መቼ እንደሚመጣ ማንም አያውቅም። ቁራጯን ወደ ገደሉ ብወረውራት ጥቁር ብስክሌት ናት፣ ማን ያየኛል? ሁሉም ትክክል ነው። ትናንት የተናገርኩት ብቻ መንገድ ዘጋብኝ። ገዢው ከሌባው በምን ይሻላል ያልኩት እኔ ነኝ፤ ያን ሁሉ ያልኳቸውም ውኃቸውን እየጠጣሁ ነው። ጥርሴን ነክሼ ቁራጯን ኪሴ ከተትኩ፤ ብስክሌቷን እየገፋሁ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄድኩ። መንዳት አልቻልኩም።

ቅዳሴ አልቆ ሕዝቡ አጥሩ ሥር ተቀምጧል። ቄሱ ቆመው ይናገራሉ። ስገባ ሁሉም ዞሮ አየኝ። አያ ፈንታው ከተቀመጡበት ተነሡ። ብስክሌቷን አላዩም። ከኋላዬ መንገዱን አዩ፤ ልጃቸው ይከተለኝ እንደሆነ ረጅም ጊዜ አዩት። ያኔ ነው ምን እንዳደረግሁ የገባኝ። ቁራጯን አውጥቼ ሰጠኋቸው።

“ብቻዬን ነኝ፣ አያ” አልኳቸው። “መርሳ ነው የገዛኋት።”

ቀዩን ጨርቅ በጣታቸው አሹት። “ካቴናዋን ዘይት ቀብተሃታል” አሉ።

ቄሱ ፊት ሄጄ ጎንበስ አልኩ። “አባቴ፣ ሳልጠይቅ ገዝቻለሁ። ይፍቱኝ።”

“እግዚአብሔር ይፍታህ” አሉና በመስቀላቸው ባረኩኝ። ከዚያ ቀና ብለው ሕዝቡን “ሌላስ?” አሉት። አንድም ሰው አልተነሣም። አንዱ አፈር በእንጨት ይጭራል፣ አንዷ ነጠላዋን ታስተካክላለች።

ብስክሌቷ ምስጋናው እስኪመጣ የቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ትቀመጥ ተባለ። አያ ፈንታው እስከ አስፋልቱ ሸኙኝ።

“ሥራህስ እንዴት ይሆናል? እኔ ቤት እያደርህ ሂድ። ከዚህ ለትምህርት ቤቱ ቅርብ ነው።”

“ባለቤቴ አራስ ናት፣ አያ።”

“እንኳን ማርያም ማረቻት” አሉ፤ ከዚያ በላይ አልለመኑኝም።

እሑድ፤ ከሲሪንቃ ወልዲያ በእግር

አሥራ ሰባት ኪሎ ሜትር በሙሉ ስሳደብ ሄድኩ። እዚያ አጥር ሥር የተቀመጡትን ነው የምሰድበው። ጦርነቱ ሲገባ የሣር ክዳን የነበረ ቤት አሁን ቆርቆሮው ሲያብለጨልጭ ባየሁ ቁጥር አንድ እርግማን እጨምራለሁ። የሰው ወርቅ አያደምቅ ሲባል ያደገ ሕዝብ በሰው ቆርቆሮ ደምቆ ተቀምጧል። እኔ ተነሥቻለሁ፣ እነሱ አልተነሡም። እግሬ ውኃ ቋጥሮ እንኳ ይኼ ነገር ያጽናናኝ ነበር።

በመካከሉ የብስክሌት ምርጫዬንም መርምሬአለሁ። እንደኔ አስፋልትና ኮረኮንች ለሚፈራረቅበት ሰው አሁንም የምመክረው ያችኑ ዓይነት ነው፤ ብረት አካል፣ መካከለኛ ጎማ፣ ለዳገት የሚሆን ማርሽ፣ መጫኛ። ምርጫዬ አልተሳሳተም። ስለ ጎማ ከመጠየቄ በፊት የማን ነበረች ማለት ነበረብኝ፤ ያላልኩትም መልሱን ስለፈራሁት ነው።

ስምንት ሰዓት ተኩል፤ ቤት

ደርሼ በሩን ላነሣ በሁለት እጄ ያዝኩት። በነጭ ቀለም የተጻፈ የቤት ቁጥር አለበት። የኛ ቤት ቁጥር አይደለም። በየቀኑ እያነሣሁ ስከፍተውና ስዘጋው ከርሜ ቁጥሩን አላየሁም ልል አልችልም። የሒሳብ መምህር ነኝ።

ባለቤቴ ከውስጥ “ብስክሌቱስ?” አለችኝ። ደጅ እንደ ቆምኩ ሁሉንም ነገርኳት፤ ግዝቱን፣ ቀዩን ጨርቅ፣ ያልተነሡትን ሰዎች። ሰምታ ስትጨርስ ዓይኗ በሩ ላይ ነበር።

“ይኼን ስንገዛ የማን ነው ብለህ ጠይቀህ ነበር?”

“አንቺስ?”

“አልጠየቅሁም። ሆዴ ገፍቶ ነበር፣ ብርድ ነበር።” ልጁን ወደ ደረቷ ሳበችው። “አሁን ብናወጣው በምን እንዘጋለን?”

የቁጥሩን ነጭ ቀለም በጣቴ ነካሁት። እሷ ጋቢዋን አውልቃ ሰጠችኝና መቃኑ ላይ የምንሰቅልበት ምስማር ፈልግ አለችኝ። በሩን ከማጠፊያው ፈትቼ፣ ከጎረቤቴ ጋር ተሸክመን የሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን አጥር ላይ አስደገፍነው፤ ቁጥሩን ወደ መንገዱ አዙረን።

ሰኞ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ወደ ትምህርት ቤት በእግሬ ስወጣ፣ የምዘጋው በር አልነበረም።